ከጠፋ በኋላ

ኢድሪያ፣ ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ፣ ከወንዙ ዳር፣
ሰማያዊ ኮንቴይነር አለ፤ በሩ አይዘጋም በትከሻ ካልገፉት በቀር።
የኔ ሥራ እዚያ ነው። የሞተ መብራት እቀበላለሁ፤
ረጅሙን ለብቻ፣ ጠመዝማዛውን ለብቻ፣ እንደ እንቁላል እደረድራለሁ።
ቋንቋዬ ስብርባሪ ነው፣ ገና አልተጠገነም፤
በእጄ ያለፈ መስታወት ግን አንድም ቀን አልተሰበረም።
(አንዴ ብቻ። እሱን ሌላ ቀን።)

የካቲት ነው። በረዶው መንገዱን እንደ ሳሙና አሙልጮታል።
ወይዘሮ ፍራንቺሽካ ቁልቁለቱን ሲወርዱ አየሁ፤ ሁለቱም እጃቸው ተይዟል።
ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። በክንዳቸው ላይ፣
በሱፍ ሻርፕ የተጠቀለለ፣ ሕፃን መሳይ፣
ቁመቱ ግን የሕፃን ያልሆነ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ።
«በረዶ ፈርቼ አላውቅም» አሉ፣ «ዛሬ ግን ፈራሁ፣ ይሄ ስላለ።»

ሻርፑን ፈታሁት። የማጀት ፍሎረሰንት። ጫፍና ጫፉ ጠቁሯል፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከሥሩ ተቀምጠው ዳንቴል ሠርተውበታል።
«ቀስ በል ልጄ» አሉኝ፣ «አባቴ አለ ከውስጡ።»
ቋንቋው ያሳሳተኝ መሰለኝ። ደገሙት፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ።

አባታቸው ዬርኔይ፣ ከዚህ ተራራ ሆድ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲወጣ፣ ሲወርድ፣
ቀይ ድንጋይ ፈለጠ። ድንጋዩ እሳት ሲነካው ያልበዋል፣
ላቡም ብር ሆኖ ይንከባለላል።
በኋላ እጁ እንደ ቅጠል ሆነ። ጥርሱ ረገፈ።
ሾርባው አፉ ሳይደርስ ደረቱ ላይ ተንጠፈጠፈ።
«ስምንት ዓመቴ ነበር» አሉ፣ «ያጎረስኩት እኔ ነኝ።
አባት ነው ልጁን የሚያጎርስ፤ እኔን ግን ግልባጩ ደረሰኝ።»

ሕያው ብር ይሉታል በቋንቋቸው። በኛ፣ አልኳቸው፣ ባዜቃ።
«ባ… ዜ… ቃ…» ጥርሳቸው መሃል እንደ ጠጠር ተንቋቋ።
ሕያው መባሉ ይገርማል፤ ማንን ሲያኖር ታየ?
በብረት ጠርሙስ ታሽጎ ሄደ፤ በየአገሩ ተለያየ፤
ለባርኔጣ ሠሪ፣ ለጥርስ ሐኪም፣ ለወርቅ አንጣሪ፣
መጨረሻው ላይ ለመብራት፤ ከነጥብ ያነሰች ጠብታ፣ ለሌሊት ሥራ ተባባሪ።
የዬርኔይ ልጅም አንዱን ገዛች፣ ቆጣቢ ነው ሲሏት፤
ካባቷ የተረፈው ተመልሶ መጣ፣ ዳንቴሏን ሊያበራላት።

መብራት እየበራ አያጠፋም።
ከጠፋ በኋላ ነው የሚያጠፋው።
ከቆሻሻ ጋር ሲጥሉት፣ አንዱ ጎረምሳ በዱላ ሲመታው፣
«ቷ» ይላል። ደስ ይላል ድምፁ፣ እውነቱን ለመናገር።
ከዚያ የማይታይ ነገር፣ ከዝናብ ጋር ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ዓሣ፣
ከዓሣው፣ እሑድ ቀን፣ ወደ ገበታ ዳር።

«ከዚህስ ወዴት ነው?» አሉ።
በሰባራው ቋንቋዬ ነገርኳቸው፤ እጄም አብሮ አወራ፦
ሐሙስ መኪና ይመጣል፤ ፋብሪካው ከተራራው ማዶ ነው፣ ሩቅ ስፍራ።
ሁለቱ ጫፉ ይቆረጣል፣ እንደ ፎሶሊያ።
ነጩን ዱቄት አየር ጠርጎ ያወጣዋል።
መስታወቱ ወደ መስታወት፣ ብረቱ ወደ ብረት ይመለሳል።
ዱቄቱ ይጋላል፤ እንፋሎቱ ሲበርድ፣ ጠብ።
«ጠብታዋስ?»
ጠብታዋን ዛሬ ማንም አይፈልጋት። ከድኝ ጋር ያጋቧታል፤
ድንጋይ ትሆናለች። አሮጌ የጨው ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሯታል።
«ምን ዓይነት ድንጋይ?»
ስሙን በቋንቋቸው አላውቀውም። ያንኑ፣ አልኩ።
ያንኑ። አባትዎ የፈለጡትን።

ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁ፣ ቆርቆሮው እስኪያስተጋባ፤
«ሠላሳ አንድ ዓመት አባቴ ያወጣው፣ ይኸው ሊገባ!»
ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ።
ከሳቁ ይሁን ከብርዱ፣ አልጠየቅሁም።

ቱቦውን ከሌሎቹ ጎን አስተኛሁት። ደረሰኝ የለውም ለዚህ።
«ሻርፔን» አሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው።
ሰጠኋቸው።
እጃቸው አይንቀጠቀጥም።

ከኋላቸው አንድ ሰውዬ ካርቶን ታቅፎ ቆሟል፤
ቀስ ብሎ፣ አልኩት፣ ቀስ ብሎ።